ለሕያዋ ልጅ የተቀመጡት ለቅሶ

መስከረም በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ረፋድ ላይ፣ ከወልድያ ወደ መርሳ በምትሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ እስክትሞላ እጠብቅ ነበር። የምሄደው ለሥራ ነው። በሀብሩ ወረዳ የዘጠነኛ ክፍል ምዝገባ ዓርብ ስለሚዘጋ፣ ስንት ልጅ እንደተመዘገበና ስንት እንደቀረ አይቼ እንድመለስ ከምሠራበት የትምህርት መምሪያ ታዝዣለሁ። ረዳቱ «አንድ ሰው የቀረው! አንድ ሰው!» እያለ በሩን ይደበድባል። የሚጠብቀው አንድ ሰው ግን አልመጣ ብሎ ሁላችንም በላብ ተጠምቀናል።

በመጨረሻ መጣ። ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው ቀጭን፣ ረጅም ገበሬ ናቸው። በዚያ ሙቀት ጋቢያቸውን እስከ ግንባራቸው ተከናንበዋል። በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት በእጃቸው ይዘዋል። አጠገቤ ሲቀመጡ አከናነባቸው የሐዘን መሆኑን አየሁና ዝም ማለቱ ነውር መሰለኝ።

«እግዜር ያጽናዎት አባቴ፤ ሐዘን ላይ ነዎት መሰለኝ» አልኳቸው።

«ሐዘንስ ሐዘን ነው። ዛሬ አምስተኛ ቀናችን ነው።»

«ማን ሞቶብዎት ነው?»

«የሞተ እንኳ የለም። ልጄ ናት፤ የአዳሪ ትምህርት ቤቱን ፈተና ወደቀች።»

ሚኒባሷ ውስጥ የነበረው ወሬ ቀጥ አለ። ሾፌሩ ሞተሩን እያስነሳ አንገቱን አዞረ።

«አባባ፣ ለፈተናማ ለቅሶ የሚቀመጡ ከሆነ የእኔ እናት ተዝካር ማውጣት ነበረባት! ስምንተኛን ሦስቴ ነው የደገምኩት» አለ።

ሰው ሳቀ። ሽማግሌው አልሳቁም።

«አንተ ሾፌር ሆንክ፤ ይባርክልህ» አሉት በእርጋታ። «የእኔዋ ግን ሐኪም ነበር የምትሆን።»

ሾፌሩ «ተቀበልኩ አባባ» ብሎ መሪውን አዞረ፤ ጉዞ ጀመርን።

አቶ ሀብቴ ይባላሉ። ቤታቸው ከመርሳ ወደ ግራና በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። መንገዱ ረዘም ያለ ስለሆነ፣ እኔም ጆሮዬን ስለሰጠኋቸው ነገሩን ከሥሩ ጀምረው አወሩልኝ። ልጃቸው ልዕልት አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤቷ አንደኛ እየወጣች ነው ስምንተኛ ክፍል የደረሰችው። የክልሉን ፈተናም በጥሩ ውጤት አልፋለች። ከየወረዳው የተመረጡ ልጆችን ፈትኖ፣ መኝታና ምግብ ችሎ ወደሚያስተምረው አዳሪ ትምህርት ቤት ለመግባት ስትፈተን ግን አባቷ ውጤቱን አልጠበቁም። ለታቦት ተሳሉ። የቆርቆሮ ሳጥን ገዝተው ስሟን በቀለም አስጻፉበት። በእድራቸው ስብሰባ ላይ ተነሥተው «ልጄ ልትሄድ ነው፤ መርቁልኝ» አሉ፤ ሽማግሎችም ቆመው መረቁ። ዝርዝሩ ሲለጠፍ ስሟ የለም።

«መጀመሪያ ጎረቤት አይዞህ ሊለኝ መጣ» አሉ። «አይዞህ ሊል የመጣ ደግሞ ቁጭ ይላል። ቁጭ ያለውን አይቶ ሌላው ይመጣል። ሁለተኛው ቀን ላይ ሴቶቹ ባዶ እጃችንን እንዴት እንገባለን ብለው ንፍሮ ቀቅለው መጡ። እኔም ተከናነብኩ። ምን ላድርግ? ሰው አክብሮኝ ሲያዝን ራሴን ገልጬ ልቀመጥ?»

ይህን ሲሉ አንዳች ማፌዝ ወይም ማጋነን በፊታቸው ላይ አልነበረም። እኛ አገር ሐዘን የብቻ አይደለም። ጎረቤት መጥቶ ካልተቀመጠ፣ ንፍሮው ካልተቀቀለ፣ የወደቀው ሰው ብቻውን የቀረ ይመስለዋል። መልካም ነገር ነው። ነገር ግን መልካሙ ልማድ ያለ ቦታው ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ያን ጊዜ ገና አላየሁም።

«አሁን ከወልድያ የሚመለሱት ለምን ጉዳይ ሄደው ነው?» አልኳቸው።

ፌስታሉን ዳሰሱት። «ማመልከቻ ነው። ይታይልኝ ብዬ ነበር። ስሟ ከሌለ የለም ብለው መለሱኝ። ይሁን፤ ሌላ መላ አለኝ። ደጋ፣ ጉባ ላፍቶ ወንድሜ አለ። በራሷ ስም ስምንተኛን ስላለፈች አይመልሷትም፤ እሷን በእሱ ስም፣ የእሱ ልጅ ብዬ፣ ስምንተኛ ክፍል መልሼ አስገባታለሁ። ለከርሞ እንደገና ትፈተናለች።»

ከኋላችን የተቀመጠች ወጣት ሴት ወደ ፊት ጎንበስ አለች። ጭኗ ላይ የተማሪ ደብተሮች ቆለል አድርጋ ይዛለች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አባቴ፤ ሳልጠራ ገባሁ» አለች። «ትዕግስት እባላለሁ፤ መርሳ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህርት ነኝ። እርስዎ ያሉትን ሰምቼ ዝም ብል ሌሊት እንቅልፍ አይወስደኝም። የልጅዎን የአባት ስም ሊቀይሩ ነው?»

«ለአንድ ዓመት ነው።»

«ለአንድ ዓመት አይደለም። በዚያ ስም የተፈተነችው ወረቀት ዕድሜዋን ሙሉ ይከተላታል። አሥራ ሁለተኛን ስትጨርስ፣ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ፣ ሥራ ስትጠይቅ፣ ያባትሽ ስም የትኛው ነው ትባላለች። ያን ጊዜ ምን ትበል? አባቴ በሕይወት እያለ አጎቴ አባቴ ሆነ ትበል?»

«አንቺ አፍሽ ጥሩ ነው፤ አስተማሪ ነሽ» አሉ አቶ ሀብቴ። «ግን እስቲ ንገሪኝ፤ እዚያ አዳሪው ትምህርት ቤት የሚማረውና አንቺ ዘንድ የሚማረው እኩል ነው?»

ትዕግስት ሐሰት ለመናገር ሐሳብ አልነበራትም። 

«እኩል ነው ብልዎት ይስቁብኛል። እኛ ዘንድ ተማሪው ብዙ ነው፤ አንዱን መጽሐፍ ለሁለት ይይዙታል። እዚያ መብራት አለ፣ ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ለማጥናት እንጂ ውሃ ለመቅዳት የሚጠራቸው የለም። ዕድል ነው። ልጅዎ ብታገኘው ደስ ይለኝ ነበር። ግን አላገኘችም። ያላገኘችውን እያሰቡ ያለውን በር ሊዘጉባት ነው። ምዝገባው ዓርብ ያበቃል።»

«ይዘጋ። ለከርሞ ይከፈታል።»

«ለከርሞ ሲሉ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ልጅዎ በጦርነቱ ጊዜ ስንት ዓመት ከትምህርት ቀረች?»

«አንድ ዓመት። የሁሉም ልጅ ቀርቷል።»

«ያን ዓመት ጦርነት ወሰደባት። ይሄን ደግሞ ማን ወሰደብኝ ትበል?»

አቶ ሀብቴ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሾፌሩ በመስታወቱ ወደ ኋላ ሲያይ ዓይናችን ተገጣጠመ። ፊቴ ቀልቶ ነበር መሰለኝ። ምክንያቱም እስካሁን ያልተናገርኩት ነገር አለ፤ ያን ዝርዝር የጻፍኩት እኔ ነኝ። የፈተናው ኮሚቴ ጸሐፊ ነበርኩ። ስሞቹን በፊደል ተራ ደርድሬ፣ አትሜ፣ አስፈርሜ ያስለጠፍኩት እኔ ነኝ። ከእኔ ወረቀት በታች ይህን የመሰለ ለቅሶ እንዳለ አንድም ቀን አላሰብኩም። ዝም ብዬ መርሳ ብወርድ ማንም አያውቅብኝም ነበር። ነገር ግን የሰውዬው ትከሻ ከትከሻዬ ጋር በየመታጠፊያው እየተነካካ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«አቶ ሀብቴ» አልኳቸው፤ «ዝርዝሩን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ወንዳወቅ እባላለሁ።»

ዞረው ለረጅም ጊዜ አዩኝ። የሚሰድቡኝ መስሎኝ ነበር።

«እርስዎ ነዎት?» አሉ ቀስ ብለው። «ታዲያ ጌታው፣ እስቲ ይንገሩኝ፤ ልጄ ምን አጠፋች?»

«ምንም አላጠፋችም። አልወደቀችምም። ያ ፈተና ማለፍና መውደቅ የለውም፤ አልጋ ብቻ ነው ያለው። ስልሳ አልጋ። ለስልሳ አልጋ ከሺህ አራት መቶ በላይ ልጅ ተፈተነ። ስልሳ አንደኛ የወጣው ልጅና መጨረሻ የወጣው ልጅ በእኛ ወረቀት ላይ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም የሉም። ይህ የእኛ ጥፋት ነው፤ ለወላጅ አልነገርንም።»

ስልኬን አውጥቼ ሙሉ ውጤቱ እጁ ላይ ወዳለ ጓደኛዬ ደወልኩ። ልዕልት ሀብቴ የሚለውን ስም ፈልጎ እስኪነግረኝ ሚኒባሷ በሙሉ ጸጥ ብላ ጠበቀች።

«ሰባ አንደኛ ናት» አልኩ። «ከሺህ አራት መቶ ልጅ ሰባ አንደኛ።»

ሾፌሩ በጥሩንባው ሁለቴ አጨበጨበላት። እኔም ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። የተማረ ሰው ስሕተት ይህ ነው፤ ቁጥር ከተናገረ በኋላ ሌላ የሚቀር ነገር አይመስለውም። አቶ ሀብቴ ግን ዓይናቸው በርቶ ቀና አሉ።

«አሥራ አንድ ደረጃ ብቻ ነው የቀረባት በሉኛ! እንግዲያው ለከርሞ ትገባለች! አላልኳችሁም?»

ትዕግስት ግንባሯን በእጇ መታች። «አባቴ፣ ለከርሞ የሚመጡት ሌላ ሺህ ልጆች ናቸው እኮ! ያ ደረጃ ቆሞ አይጠብቃትም።»

«ተይኝ ልጄ። ሰባ አንደኛ!» አሉና ክንዴን ያዙኝ። «ጌታው፣ አንድ ውለታ ይዋሉልኝ። ቤቴ ድረስ መጥተው ይህን ለእናቷ ይንገሯት። እኔ ብናገር ለራሱ ሲል ነው ይሉኛል። አንቺም ነይ ልጄ፤ ተከራክረሽኛል፣ ቤቴን ሳታዪ አትሄጂም።»

መርሳ ስንወርድ በአንድ ባጃጅ ሦስታችን ገባን። በመንገዱ ግራና ቀኝ ማሽላው አፍርቶ ቆሟል፤ ከታች በመስኖ የሚለማው የብርቱካንና የማንጎ ተክል ጥቅጥቅ ብሏል። አቶ ሀብቴ በየሜዳው ለሚያገኙት ሰው ከባጃጁ አንገታቸውን እያወጡ «ሰባ አንደኛ ናት!» ይላሉ፤ ሰዉም ስለምን እንደሚያወሩ ሳይገባው «እግዜር ያጽናህ» ይላቸዋል።

ግቢው ውስጥ የተባለው ሁሉ እውነት ነበር። ከቤቱ በር እስከ አጥሩ ሰሌን ተነጥፎ ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። ወንዶቹ በግድግዳው ጥላ ተደግፈዋል። በሰፌድ ንፍሮ ይዞራል። ሰማያዊው የቆርቆሮ ሳጥን ከነስሙ መካከል ላይ ተቀምጧል፤ አንዲት ሴት የልጅቷን ደብተር አንስታ ገጹን እየገለጠች «ይህ እጅ! ይህ ጽሕፈት!» ስትል ሌሎቹ ይነፋረቃሉ። የሟች ልብስ ይዞ እንደሚለቀሰው ማለት ነው። እናትየዋ ወይዘሮ ዘነበች ከሳጥኑ አጠገብ አንገታቸውን ደፍተዋል።

እኛ ስንገባ ቦታ ተለቀቀልን፤ ንፍሮም ተዘገነልን። እጃችንን ልታስታጥበን ጆግ ይዛ የመጣችው ልጅ ቀጭን፣ ረጅም፣ ቁርጥ አባቷን ነበረች።

«ልዕልት አንቺ ነሽ?» አልኳት በቀስታ።

«አዎ።»

ትዕግስት እጇን እየታጠበች ቀና ብላ አየቻት። «ጓደኞችሽ ተመዘገቡ?»

«ሰኞ ተመዘገቡ።»

«አንቺ መመዝገብ አትፈልጊም?»

«እፈልጋለሁ። አባቴ ለቅሶው ሳይነሣ ነውር ነው አለ።»

«ለቅሶው መቼ ነው የሚነሣው?»

ልጅቷ ውሃውን ማፍሰስ አቆመች። «አላውቅም» አለች። «ሠልስትም ሰባትም የሚቆጠረው ከቀብር ነው። እኛ ማንንም አልቀበርን። ከየትኛው ቀን እንደሚቆጠር ግራ ገባኝ።»

ይህን የተናገረችው በማሾፍ አልነበረም። ከልቧ አስልታው፣ መልስ አጥታለት ነበር። ትዕግስት አጎንብሳ እጇን በነጠላዋ ስታደርቅ ቆየች።

አቶ ሀብቴ ተነሥተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ስሙኝ፤ እኚህ ጌታ ከወልድያ መጥተው የነገሩኝ ነገር አለ» ብለው ሲጀምሩ፣ ከአጥሩ ውጭ የሰው ጩኸት ተሰማ።

«ልዕልቴ! ልዕልት ልጄ! ዋ እኔን! ዋ እኔን!»

አንድ ወፍራም ሰው ኮፊያቸው ከራሳቸው ወድቆ፣ ደረታቸውን እየመቱ በበሩ ገቡ። ጎረቤታቸው አቶ ሙጃሂድ ናቸው፤ ብርቱካን ወደ ኮምቦልቻ የሚያመላልሱ ነጋዴ። ሁለት ሳምንት እዚያ ከርመው መርሳ ሲወርዱ «በሀብቴ ቤት ለልዕልት ለቅሶ ተቀምጠዋል» የሚል ነገር ነው የሰሙት። የሰሙት ቃል በሙሉ እውነት ነው። የነገራቸው ሰው አልዋሸም። ደጅ ላይ ሲደርሱ ደግሞ የተዘቀዘቀውን ነጠላ፣ ንፍሮውን፣ ስሟ የተጻፈበትን ሳጥን አዩ። በጉልበታቸው ተንበረከኩና ግንባራቸውን መሬት አስነኩ።

«ያ አላህ! በመጨረሻዋ ሰዓት እንኳ አልደረስኩላት! ሀብቴ፣ ምን አገኛት? ሳልሰናበታት!»

 ልዕልት ጆጉን እንደያዘች ወደ እሳቸው ሄደች።

«አባባ ሙጃሂድ» አለች፤ «እኔ ነኝ፤ ይነሡ።»

ሰውየው ቀና አሉ። መጀመሪያ ወደ ኋላ ሸሹ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ጉንጯን ነኩ፤ ግንባሯን ነኩ፤ የእጇን አንጓ ይዘው እንደ ሐኪም ጠበቁ።

«ሱብሃነላህ! ትሞቃለች!» አሉ። «ትሞቃለች ዘነበች! ልጅቷ ሕያው ናት!» እያሉ አቅፈዋት አለቀሱ። በዚያው ልቅሶ መካከል ሳቅ ያዛቸው። እንባቸው በጢማቸው ላይ እየወረደ ሲስቁ ሳያስቡት የሳቁ ሴቶችም ነበሩ።

ከዚያ ዙሪያውን ተመለከቱ። «ታዲያ ማን ነው? ይህ ሁሉ ሰው ለማን ተቀመጠ?»

 ደብተሩን የያዘችው ሴት «ፈተናውን ወድቃ ነው አባ» አለች፤ ድምጿ እየቀነሰ።

«ፈተና?»

«የአዳሪውን።»

«ፈተና ብቻ?» አሉ አቶ ሙጃሂድ። «ሌላ የለም? ፈተና ብቻ? አልሃምዱሊላህ! ፈተና ብቻ!» እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሡ። ደስታቸው እስኪወጣላቸው ደጋግመው ካሉ በኋላ ግን ፊታቸው ተለወጠ፤ ወደ አቶ ሀብቴ ዞሩ።

«ሀብቴ፣ ከመርሳ እስከዚህ በባጃጅ ምን እያልኩ እንደመጣሁ ታውቃለህ? ልጅቷ ትኑር እንጂ ሌላው ሁሉ ይቅር፣ ሐሰት ይሁንልኝ እያልኩ ነው የመጣሁት። አንተ ደግሞ እሷ እያለችልህ ሌላው ቀረብኝ ብለህ ተከናንበህ ተቀምጠሃል! ያን ዓመት መድፍ ሲያጓራ፣ ልጆቻችንን ይዘን በሌሊት ቆላ ስንወርድ፣ የእሷን እጅ ጨብጠህ ምን ብለህ ነበር የተሳልከው? አዳሪ ትምህርት ቤት ትግባልኝ ብለህ ነው?»

አቶ ሀብቴ ጋቢያቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡ።

«ንገረኝ እንጂ! አጠገብህ ነበርኩ።»

«ትትረፍልኝ ነው ያልኩት» አሉ።

«ተረፈችልህ። እሷው በገዛ ለቅሶዋ ላይ ውሃ ታስታጥባለች።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔ ከተማርኩት መጽሐፍ ሁሉ ይልቅ አስታውሰዋለሁ። አቶ ሀብቴ ጋቢያቸውን ከራሳቸው ላይ አወረዱ። ከነሽበታቸው ፊታቸው ተገለጠ። ልጃቸውን አዩ፤ አምስት ቀን ሙሉ ሲያዩዋት የሰነበቱ አይመስሉም ነበር። ሄደው ጆጉን ከእጇ ተቀበሉና መሬት ላይ አስቀመጡት።

«ለምን ዝም አልሽ?» አሏት።

«ሰው ሲያለቅስ ምን ልበል?» አለች። «ከልባቸው ነው የሚያለቅሱት።»

አባትየው ወደ ተቀመጠው ሰው ዞሩ። «እናንት የአገሬ ሰዎች፣ አክብራችሁኛል፤ ክፉ አይንካችሁ። ንፍሮውን ጨርሱና ወደ ቤታችሁ ግቡ። በዚህ ቤት የሞተ የለም። ጥፋቱ የመጣችሁት የእናንተ አይደለም፤ የተከናነብኩት የእኔ ነው።»

ወይዘሮ ዘነበች ከሳጥኑ አጠገብ ተነሡ። «እኔስ ከመጀመሪያው ቀን ሆዴ እንቢ ብሎኝ ነበር» አሉ። «ልጄ በሌሊት ትንፋሽ አላት ወይ እያልኩ ሁለት ሦስቴ እየተነሣሁ አይ ነበር። ሕያው መሆኗን እያወቅሁ!» ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ለበሱ። ሴቶቹም አንድ በአንድ አስተካከሉ።

ሰዉ ከተበተነ በኋላ ስድስታችን ተቀምጠን ተነጋገርን። አቶ ሀብቴ እንደ ተከራካሪ ሳይሆን መንገድ እንደሚጠይቅ ሰው ነበር የሚጠይቁት።

«እሺ ልጄ» አሏት ትዕግስትን፤ «አንቺ ዘንድ ብትገባ ምን ታገኛለች? አታስጊጪልኝ።»

«ዓመቷን ታገኛለች፤ አንደኛ እሱ ነው» አለች ትዕግስት። «የራሷን ስም ይዛ ትቀጥላለች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትደርስ አዳሪ የተማረውም እኛ ዘንድ የተማረውም የሚቀመጥበት ፈተና አንድ ነው፤ ወረቀቱ ከየት መጣህ ብሎ አይጠይቅም። ማታ ቤቷ ትገባለች፤ ትምህርቱ ባይገባት እናቷ ፊቷን አይተው ያውቁባታል። ከእርስዎ ግን የምፈልገው ነገር አለ።»

«ምን?»

«ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሁለት ሰዓት። ውሃም ማሽላ ጥበቃም የማይነካው ሁለት ሰዓት። አዳሪ ትምህርት ቤቱ ከሌላው የሚበልጠው ግማሹ ይሄው ነው፤ ልጁን ለጥናት ይተዉታል። እሱን እዚህም መስጠት ይቻላል።»

«ውሃውን እኔ እቀዳለሁ» አሉ አቶ ሀብቴ።

አቶ ሙጃሂድ ሳቁ። «ሀብቴ እንስራ ሲሸከም ለማየት ከኮምቦልቻ በየሳምንቱ እመላለሳለሁ!»

«ጀሪካን ነው የምሸከም፣ አንተ ወፍራም!»

እኔም የድርሻዬን ተናገርኩ። ለከርሞ ከፈተናው በፊት ወላጆች ተጠርተው ስንት አልጋ እንዳለና ስንት ልጅ እንደሚፈተን እንዲነገራቸው፣ ከፈተናው በኋላም ለእያንዳንዱ ልጅ ስንተኛ እንደወጣ የሚገልጽ ወረቀት እንዲሰጠው ለኮሚቴው አቀርባለሁ አልኩ። አቅርቤያለሁም። ለልጅ የሚጣልለት ዕጣ እንዳለ ሁሉ፣ ዕጣው ሳይወጣለት ሲቀር የሚነገረው ቃልም ቀድሞ ሊዘጋጅለት ይገባል። ወላጅ ከፈተናው በፊት የሚደግስ፣ ከፈተናው በኋላ የሚያለቅስ ከሆነ፣ ልጁ የተፈተነው በትምህርት አይደለም፤ በአባቱ ክብር ነው። ያንን ፈተና ደግሞ የሚያልፈው የለም፤ ቢያልፈውም ለከርሞ ሌላ ይጠብቀዋልና። አቶ ሀብቴ በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ይህንኑ በራሳቸው ቋንቋ እንደተናገሩና፣ ለፈተና ውጤት ንፍሮ ይዞ መሄድ እንዲቀር፣ የሚሄድ ሰው ቢኖር ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ ሄዶ ልጁን እንዲያይ አባላቱ እንደተስማሙ በኋላ ከትዕግስት ሰማሁ።

ዓርብ ጠዋት መርሳ ነበርኩ። የትምህርት ቤቱ ግቢ በወላጅና በልጅ ተጨናንቋል። አቶ ሀብቴ ከልጃቸው ጋር በሰልፉ ቆመው አገኘኋቸው። ራሳቸውን አልተከናነቡም፤ ጋቢያቸው ታጥፎ ትከሻቸው ላይ ነው። ልዕልት ከፊታቸው ቆማ ከጓደኛዋ ጋር የየትኛው መምህር ክፍል እንደሚደርሳት እየተከራከረች፣ አንዳንዴም ጮክ ብላ እየሳቀች ነበር። መዝጋቢው ስሟን ሲጠይቃት «ልዕልት ሀብቴ» አለች፤ አባትየውም ከኋላ ሆነው ሳይጠየቁ «ሀብቴ፤ በደንብ ጻፈው» አሉ።

ተመዝግበው ሲወጡ አቶ ሀብቴ በድንገት ቆሙ። ከግንቡ ሥር አንድ ጎልማሳ ገበሬ ብቻውን ተቀምጧል። በዚያ ፀሐይ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቧል። ሰልፉ ውስጥ አልገባም፤ ወደ በሩም አልሄደም። አቶ ሀብቴ ልጃቸውን «ቆይኝ» ብለው ሄደው አጠገቡ ቁጭ አሉ።

«ልጅህን ልታስመዘግብ ነው የመጣህ?» አሉት።

ሰውየው ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። «አዳሪውን አላለፈችም» አለ።

«እሱን አልጠየቅሁህም ወንድሜ። የትኛዋ ናት ልጅህ? አሳየኝ።»

 ሰውየው ጋቢውን ከዓይኑ ትንሽ ገለጥ አድርጎ፣ በልጆቹ መካከል ይፈልጋት ጀመር።